የተናገሩትን መልሶ የሚያነብ ሰው

መምህር ዘገየ ሞተ ያለኝ የዳባት ሚኒባስ ሾፌር ነው። የቀባሁለትን ታፔላ ሊወስድ መጥቶ፣ አንድ እግሩን መኪናው ውስጥ እንዳደረገ ነው የነገረኝ።

«ማን አየው?» አልኩት።

«ኧረ አያ ሙጬ፣ ሞተ እኮ ነው የምልዎት!»

«ሰማሁህ። ማን አየው ነው የምልህ።»

«ረዳቴ ነው የነገረኝ።»

«ረዳትህስ ከማን ሰማ?»

«ከተሳፋሪ። ውይ እርስዎ ደግሞ! ሰው ሞተ ሲባል ነፍስ ይማር ነው እንጂ ምርመራ ምንድን ነው?» ብሎ በሩን ዘግቶ ሄደ።

ነፍስ ይማር አላልኩም። በሦስት ሰው አፍ የዞረ ወሬ አልቀበልም። ይህን ያስተማረኝ ራሱ ሞተ የተባለው ሰው ነው። በዕድሜዬ ሙሉ ከሰው ተማርኩ የምለውም ይህንኑ አንዱን ብቻ ነው።

ሌላውን ያወቅሁት በራሴ ነው። ደረስጌ ተወልጄ ሳድግ ፊደል የሚያስቆጥረኝ አላገኘሁም። የቄስ ተማሪዎቹ ሲያነበንቡ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ድምፁን ያዝኩ፤ ቅርጹን ከስኳር ከረጢትና ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ ለቀምኩ። ሁለቱን ያገናኘሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላገዘኝም። ደባርቅ ከገባሁ በኋላ የሞተ ራዲዮ ገዝቼ ፈታሁት፣ ገጠምኩት፣ ደግሜ ፈታሁት፤ በአራተኛው ተናገረ። ዛሬ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ካሉት ታፔላዎች የሚበዙት የእኔ እጅ ናቸው፤ ከሩቅ ይለያሉ። ጆሮዬማ አይነገርም። ሊማሊሞን ከሚወጡት አይሱዙዎች የትኛው የማን እንደሆነ ሳላይ፣ ከሞተሩ ድምፅ ብቻ እናገር ነበር። ሞንታርቦ ሲበላሽ የትኛው ሽቦ እንደላላ ከጩኸቱ አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም፤ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

መምህር ዘገየ ሱቄ የመጣው ደባርቅ በተመደበ በሳምንቱ ነበር። ቀጭን፣ ኮቱ የሰፋው፣ ዕድሜው ከመጀመሪያ ልጄ የማይበልጥ ሰው። የኮሶዬ ልጅ ነኝ አለኝ። ኮሶዬን አውቃለሁ፤ የእሱን ዘመዶች ግን አላውቅም። ያኔውኑ አንድ ነገር ቆረቆረኝ።

«አያ ሙጬ እርስዎ ነዎት?»

«በሩ ላይ ተጽፏል።»

«አንብቤ ነው የመጣሁ። ከመናኸሪያው ሆኜ ነው ያነበብኩት።»

አልዋሽም፣ ይህን ሲለኝ ደስ አለኝ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ያዘዘኝ «የተማሪዎች የሕዝብ ግንኙነት ክበብ» የሚል ሰሌዳ ነበር። ስለ ቀለሙና ስለ ቀኑ ስነግረው ጠረጴዛውን ዞሮ በቀኜ መጥቶ ቆመ። ቦታ አልነበረም፤ የቀለም ቆርቆሮዎቼን አንስቼ ነው ያስጠጋሁት። ከዚያ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ መንገደኛ ያያል። ዓይኑ ውጭ፣ ጆሮው እኔ ዘንድ።

ስጨርስ ትንሽ ደብተር ከኪሱ አውጥቶ ጻፈና አነበበልኝ።

«‹ነጭ መደብ፣ ሰማያዊ ፊደል፣ ሐሙስ ይደርሳል› ብለዋል። ልክ ነው? የጎደለ ካለ ይሙሉልኝ።»

«መምህር፣ ሰሌዳ ልታዘኝ ነው ወይስ ቃሌን ልትቀበል ነው የመጣህ?»

ሳቀ። «ሁሉንም ሰው እንዲህ ነው የምጠይቅ» አለ።

ያ መልስ ይባስ አሳሰበኝ። ሁሉንም ሰው?

የትምህርት ቤቱን ሞንታርቦ የምጠግነው እኔ ስለነበርኩ ክበቡን በቅርብ አየሁት። ሃያ የሚሆኑ ልጆች ናቸው፤ ደረታቸው ላይ ሰማያዊ ጥብጣብ ያደርጋሉ። እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ይቀበላሉ፤ ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን ወሬ ሰሌዳው ላይ ይለጥፋሉ፤ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ በማይክ ያነባሉ፤ ዓርብ ዓርብ የአስተያየት ሳጥኑን ርዕሰ መምህሩ ባለበት ይከፍታሉ። መምህር ዘገየ ያወጣላቸው ሕግ ሁለት ነበር። ሁለት ሰው ሄዶ ሳያይ አይለጠፍም። የሰው ቃል ከሆነ ደግሞ ለተናገረው ሰው መልሰው ሳያነቡለት አይለጠፍም።

አንድ ሰሞን የውኃ ታንከሩ ውስጥ ድመት ሞታለች ተባለና ተማሪው ውኃ መጠጣት አቆመ። የክበቡ ጸሐፊ ስመኝ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበረች፤ ምላሷ እንደ ምላጭ። እሷና አንድ ጓደኛዋ መሰላል አስደግፈው ወጡ። ወርደው ጻፉ፤ ጽፈውም ለጥበቃው አነበቡለት።

«‹ወጥተን አየን። ድመት የለም። ክዳኑ ግን ክፍት ነው፤ የጥበቃ ሠራተኛው ቁልፉ ከጠፋ መንፈቅ ሆኖታል ብለዋል።› ልክ ነው አባባ?»

«ድመት የለም የምትለው ትበቃለች» አለ ጥበቃው። «ክዳኑን ምን አመጣው?»

«ድመት እንዳይመጣ ነዋ» አለች ስመኝ።

ርዕሰ መምህሩም የክዳኑን ነገር ሰርዙ ብሎ ተቆጥቶ ነበር፤ ወረቀቱ ግን እንዳለ ተለጠፈ፤ በማግስቱ ክዳኑ ተቆለፈ። ልጆቹ ዓለምን የገዙ መሰላቸው። እኔ ግን ይህ ሰው የሰው ልጅ በየጣሪያው እያወጣ የሚያስጠናው ምንድን ነው አልኩ።

ሌላ ጊዜ አንዲት የጊች ልጅ ትምህርት አቋረጠች። ተድራለች ተብሎ ተወራ። መምህር ዘገየ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ልጆች ይዞ በእግሩ ወጣ። ልጅቱ የቀረችው ተድራ አልነበረም፤ እናቷ ወድቃ እግሯ ስለተሰበረ ገብስ የሚያጭድ ጠፍቶ ነው። አባትዬውን ጠይቀው፣ ጽፈው፣ ማሳው መካከል ቆመው አነበቡለት። ሰውዬው በሌላ ሳምንት ልጁን በበቅሎ ይዞ ሲመጣ ሱቄ ደጃፍ አረፍ ብሎ ነበርና፣ «ቃሌን የወሰደ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ ወስዶ የመለሰልኝ ግን ይህ መምህር ብቻ ነው» አለኝ። ይህን እንኳ ሰምቼ በደግ አልተረጎምኩትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተር ይዞ በየመንደሩ የሚዞር መምህር የትኛው አገር ነው ያለው?

ማይኩን ስሞክርለት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር የሚለኝ።

«ድምፁን ከፍ ያድርጉት አያ ሙጬ።»

«ከዚህ በላይ ከሄደ ይጮኻል።»

«ይጩህ።»

ያን ጊዜ ከተማችን ውስጥ ሰው ከሰው የሚተያይበት ዓይን ተበላሽቶ ነበር። አንድ ሰው ተጠርቶ ተጠየቀ ከተባለ አምስት ቤት ሰው ጎረቤቱን ይጠረጥራል። ሱቄ ደጃፍ አንድ አግዳሚ አለች፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ይጫወትባታል። መምህር ዘገየ ሲመጣ ሌላው ቦታ ባዶ ቢሆን እንኳ ቀኝ ዳር የተቀመጠውን «እባክዎ ጠጋ ይበሉልኝ» ብሎ እዚያው ነው የሚቀመጥ። ሁሉንም በአንድ በኩል አድርጎ፣ አንገቱን አጠማዞ፣ መንገዱን እያየ ያዳምጣል። ተናጋሪው ድምፁን ሲቀንስ እሱ ይጠጋል። የበለጠ ሲቀንስ የበለጠ ይጠጋል።

አንድ ቀን ደንበኛዬ የሆነ የገብስ ነጋዴ አግዳሚዋ ላይ ሆኖ አንድ ባለሥልጣን አማ። በሁለተኛው ቀን ነጋዴው ፖሊስ ጣቢያ ተጠራ። ከተቀመጡት ሰዎች ውስጥ ደብተር የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ነገር አይቼ የማልፍ ሰው አይደለሁም።

ጻፍኩ። መጀመሪያ እጄ እንዳይታወቅ በግራዬ ጻፍኩት። ዶሮ የጫረው መሰለ። አየሁት፣ አየሁትና ቀደድኩት። ስሜ ባይኖርበትም እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከእኔ ቤት እንዲወጣ አንጀቴ አልቻለም። በቀኜ፣ በደህና ቀለም፣ መስመር አስምሬ ጻፍኩት፦ «መምህር ዘገየ የሰው ወሬ እየሰማ በደብተር ይጽፋል። ለማን እንደሚሰጥ ይጣራ።» ርዕሰ መምህሩ ፊት ይነበብና ይለይለታል ብዬ፣ ራሴ የቀባሁት የአስተያየት ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ዓርብ ከሰዓት መምህር ዘገየ ከስመኝ ጋር ሱቄ መጣ። እንደ ልማዱ ዞሮ በቀኜ ቆመና ወረቀቱን ዘረጋ። ስመኝ ወረቀቱን አየች፤ ቀና ብላ ግድግዳዬ ላይ የተደረደሩትን ታፔላዎች አየች፤ መልሳ ወረቀቱን አየች። ምን እንደሠራሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እጄ ከሩቅ ይለያል እያልኩ ስፎክር የኖርኩ ሰው!

«ይህ ከሳጥኑ የወጣ ነው» አለ። «ደንባችን ስለሆነ ለተናገረው ሰው መልሰን እናነባለን።» አነበበው፤ ቃል አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ልክ ነው? የጎደለ ካለ ይሙሉልኝ።»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

«ሁሉንም ሰው ነው የምጠይቅ።»

«እኔ አልጻፍኩም።»

«ኧረ አያ ሙጬ! ይህ እጅ እኮ የክበባችን ሰሌዳ ላይ—»

«ስመኝ» ብሎ አቋረጣት። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ።

«‹እኔ አልጻፍኩም› ብለዋል። ልክ ነው?»

እጄ ላይ ብሩሽ ነበር፤ ቀለሙ ጫማዬ ላይ ይንጠባጠባል።

«ልክ ነው» አልኩ።

ከሥሩ ጥቂት መስመር ባዶ ትቶ ደብተሩን አጠፈው። ወረቀቱንም መካከሉ ውስጥ ከተተ።

ሰኞ ማለዳ ሰሌዳውን ለማየት ሄድኩ። ደብዳቤው ተለጥፏል። ቃሉ በሙሉ የእኔ ነው፤ እጁ ግን የስመኝ ነው። አስገልብጧታል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «መምህሩ መጻፋቸው እውነት ነው። ሁለት አባላት ደብተሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይተናል። የተጻፈው የሚነበበው ለተናገረው ሰው ነው።»

ማመስገን ነበረብኝ። እኔ ግን ዋናውን ለምን አስቀረው፣ መቼ ሊያወጣብኝ ነው እያልኩ ወራት ጠበቅሁ። በሱቄ ባለፈ ቁጥር ኪሱን አይ ነበር።

ሰው ከሰሌዳው ላይ ያነበበው የላይኛውን ብቻ ነው። በሳምንት ውስጥ ወሬው ከግቢው ወጥቶ ገበያ ደረሰ። ደባርቅ መምህሩን አልሰደበችውም፣ አልነካችውም። ድምፅ ቀነሰችበት። አግዳሚዋ ላይ ሲቀመጥ ሰው ያንሾካሹካል፤ ሲጠጋ ዝም ይላል። አከራዩ እትዬ ዘነቡ እንኳ «ደህና አደርህ» የምትለው በከንፈሯ ብቻ ሆነ። የገብስ ነጋዴው ተመልሶ መጣ፤ የተጠራው ለአንድ የመኪና ግጭት ምስክርነት ነበር። ይህን ሲነግረኝ «እሺ» አልኩት። ለሌላ ሰው አልተናገርኩም።

የወላጆች በዓል ቀን ሞንታርቦውን ባሕር ዛፍ ላይ አሰርኩ። ሜዳው ሞልቷል። መምህር ዘገየ ከዛፉ ሥር ቆሞ ይጽፋል፤ ሞንታርቦው ከቀኝ ትከሻው በላይ ነው። ማይክ የያዘች ልጅ ወደ ሞንታርቦው ተጠጋችና ያ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ተለቀቀ። በቅሎዎች ደነበሩ፣ ቄሱ ጆሯቸውን ያዙ፣ ሰው ሁሉ ወደ ዛፉ ዞረ። መምህር ዘገየ ግን ደንግጦ ወደ ግራ ዞረ። ጩኸቱ ከራሱ በላይ እየወረደ፣ እሱ በግራ በኩል ያለውን ባዶ ሜዳ ይፈልጋል።

አምፕሊፋየሩን አጥፍቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ድምፅ በአንድ ጆሮው ብቻ የሚገባለት ሰው ድምፁ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ይህን ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ ነው? ቀኝ ጆሮው አይሰማም። በቀኜ መቆሙ፣ አግዳሚዋ፣ ‹ጠጋ ይበሉልኝ›፣ ‹ድምፁን ከፍ ያድርጉት›፣ ሁሉም ለካ ይኸው ነበር። ፊቱን የሚያዞረው ደህናውን ጆሮ ሊሰጠን ነው። መልሶ የሚያነበው የሰማውን ስለማያምን ነው። በሞተር ድምፅ መኪና የምለይ ሰው፣ ዓመት ሙሉ አጠገቤ ቆሞ ለመስማት ሲታገል አላወቅሁም። እኛ ደግሞ ድምፅ ቀነስንበት።

ለምን እንደደበቀው መገመት አያቅትም። መምህር አይሰማም ከተባለ ተማሪ ይቀልድበታል፣ አለቃ ከክፍል ያስወጣዋል። ምስጢሩን ልጠብቅለት ብዬ ነው ዝም ያልኩ፤ ለራሴ የነገርኩት እንዲህ ነው። እውነቱ ግን ስለ ጆሮው አፌን ከከፈትኩ ደብዳቤው አብሮ ሊወጣ መሆኑ ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ ዝውውር ጠይቆ ወደ ዳባት ሄደ። ሊሰናበተኝ መጣ።

«አያ ሙጬ፣ ልሄድ ነው። ያ ገጽ ባዶ ቦታ አለው።»

«የቱ ገጽ?» አልኩ፤ የቱ እንደሆነ እያወቅሁ፣ በለሆሳስ።

ጠጋ አለና ግራ ጆሮውን ሰጠኝ። «ምን አሉኝ?»

«በሰላም ግባ ነው ያልኩህ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

እጄን ጨብጦ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ዳባት ሩቅ ሆኖ አይደለም።

ሾፌሩ መርዶውን በነገረኝ በአራተኛው ቀን ጥቁር የለበሰች ሴት ሱቄ ገባች።

«አያ ሙጬ፣ ስመኝ ነኝ።»

መምህር ሆናለች፤ ያንን ክበብ አሁን የምትመራው እሷ ናት።

«መምህር ዘገየ ሞተ ይላሉ» አልኳት። «ማን አየው?»

«እኔ። ዳባት ሄጄ፣ ቀብሬው ነው የመጣሁ።»

ያኔ ነው ነፍስ ይማር ያልኩ። አግዳሚዋን ወደ ውስጥ አስገባሁላትና ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ትንሽ ደብተር አወጣች። አወቅሁት። በመካከሉ የታጠፈ ወረቀት ይታያል፤ ዓመታት የጠበቅሁት። መጣ አልኩ በልቤ፤ እሱ ያላደረገውን እሷ ልታደርገው ነው።

«ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ባለቤቱ ለክበቡ ሰጠችን። ሰሌዳው ላይ ስለ እሱ ልንለጥፍ ነው፤ ከሚያውቁት ሰዎች ቃል እየተቀበልኩ ነው።»

«ጆሮውንም ትጽፊያለሽ?»

ትክ ብላ አየችኝ። «እርስዎም ያውቁ ነበር?»

«አንቺስ?»

«ክበቡ በሙሉ ያውቅ ነበር። ስብሰባ ላይ አንድም ልጅ በቀኙ ተቀምጦ አያውቅም። እሱ አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅነውም፤ ለማንም ትንፍሽ አላልንም። አሁን ባለቤቱ ይጻፍ ብላለች።»

ሃያ ልጆች፣ ሥራቸው ወሬ ማውጣት የሆነ፣ ይህን አላወጡም። እኔ የማላውቀውን አውጥቼ፣ ያወቅሁትን ውጬ ተቀመጥኩ።

ገጹን ገለጠች። ሰው ፊት እንደምታነብ ሁሉ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«‹እኔ አልጻፍኩም›፤ አያ ሙጬ። ልክ ነው? የጎደለ ካለ ይሙሉልኝ።»

ግድግዳዬን አየሁ። የፀጉር ቤቱ፣ የመድኃኒት ቤቱ፣ የወፍጮ ቤቱ ታፔላዎች ሊወሰዱ ተዘጋጅተው ቆመዋል። ይህን ከተናገርኩ ከነገ ጀምሮ የደባርቅ ሰው ታፔላ ቀና ብሎ ባየ ቁጥር ያንን ደብዳቤ ነው የሚያይ። በከተማው ውስጥ ያለኝ ነገር ቢኖር ይህ እጅ ብቻ ነው። ብክድ ደግሞ ልጅቱ ጽፋ፣ አንብባልኝ፣ እንደ እሱ ዝም ብላ እንደምትሄድ አውቃለሁ።

«ልክ አይደለም» አልኩ።

ብዕሯን አነሳች።

«ጻፊ። ‹ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ሙጬ ነኝ። ያልኩት ሐሰት ነበር። ሰውዬው የሚጠጋን ስለማይሰማ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላም ዝም ብያለሁ።›»

ጻፈች። የተተዉት መስመሮች በቁ።

«አያ፣ ስምዎን ልተወው? እሱ ቢሆን ይተወው ነበር።»

«አትተዪው። ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈውንም እኔ ነኝ የምጽፈው፤ በገዛ እጄ። አሁን መልሰሽ አንብቢልኝ።»

በሩ ክፍት ነው። ደጃፉ ላይ የዳባቱ ሾፌር ከሁለት ሰዎች ጋር ቆሟል። ስመኝ አንገቷን ደፍታ፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ፣ በቀስታ ማንበብ ጀመረች።

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊው» አልኳት።

«ውጭ ሰው አለ እኮ አያ ሙጬ።»

«ይስማ።»